ስለ ፈረሰኞቹ ፊልም ጥሪት ከአዘና የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ባህልና ቱሪዝም መምሪያ፣
ለወረዳችን አስተዳደር፣
ለሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ሽማግሌዎች፣
እንዲሁም በአዘና፣ በእንጅባራ፣ በዳንግላ፣ በቻግኒና በውጭ ሀገር ለምትኖሩ ነጋዴዎች፣ ገበሬዎችና ተወላጆች ሁሉ፤

ክቡራን ሆይ፣

በየቢሮው በር በተናጠል ከመቆም ይልቅ ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ልጽፍላችሁ የመረጥሁት፣ የምጠይቃችሁ ነገር ከአንድ ሹም ፊርማ ወይም ከአንድ ባለጸጋ ችሮታ የሚበልጥ፣ ብዙ ሰዎች አብረው መክረው፣ አብረው ፈርመው፣ ትርፍ ቢገኝም ኪሳራ ቢደርስም አብረው የሚካፈሉት ጉዳይ ስለ ሆነ፣ ከመጀመሪያው ሁሉም በሚሰማውና ሁሉም ሊመረምረው በሚችል ቃል መነገር የሚገባው መስሎ ስለ ታየኝ ነው።

ነገሩም እንዲህ ነው። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞችን ሕይወት የሚተርክ፣ ተዋንያኑ በአዊኛ የሚነጋገሩበት፣ አዊኛ ለማይሰማ ተመልካች ደግሞ የአማርኛ ጽሑፍ ከሥር የሚሄድለት ፊልም ለመሥራት ስክሪፕቱን ጽፌ ጨርሻለሁ፤ የቀረው ለቀረጻና ለኤዲቲንግ የሚያስፈልገው ጥሪት ነው። ታሪኩ የአንድ አረጋዊ ፈረሰኛና የልጅ ልጁ ታሪክ ሲሆን፣ ጭንቃቸውም እዚሁ በመካከላችን የምናየው ጭንቅ ነው፤ አባቶች ፈረስ ያሰማሩበት የነበረው መስክ ዲከረንስ የሚባለው ዛፍ ተተክሎበት ግጦሹ እየጠበበ ሲሄድ፣ ሽማግሌው ፈረሱን ሸጦ እንደ ጎረቤቱ ችግኝ ይትከልበት ወይስ ከማኅበሩ ሳይለይ ፈረሱን ይዞ ይሙት የሚለውን ነገር ሁለቱ በአንድ ጣራ ሥር ሆነው ይከራከሩበታል። ይህን ክርክር በየቤታችሁ ሰምታችሁታልና ለእናንተ አላስረዳም።

ስለ ማኅበሩም ለእናንተ መንገር ለባለቤቱ ስለ ቤቱ እንደ መንገር ይቆጠርብኛል፤ ነገር ግን ደብዳቤው ግልጽ ነውና ከሩቅ ለሚያነብ ጥቂት ልበል። አንከሻ፣ አዘና፣ ባንጃ፣ ዚገም፣ ኳኩራ፣ ጫራና መተከል የሚባሉት ሰባቱ ቤቶች፣ ሀገር ገና በጠላት እጅ ሳለች፣ በ1932 ዓ.ም. የፈረሰኞችን ማኅበር መሠረቱ፤ መነሻቸውም በዐድዋ ዘመቻ የዘመቱትን አባቶችና አብረው የዘመቱትን ፈረሶች ማሰብ ነበር። በያመቱ ጥር 23 ቀን ፈረሰኛው ኮርቻውን በግላስ አልብሶ፣ ፈረሱን በመርገፍ አስጊጦ፣ ከየወረዳው ወደ እንጅባራ ይወጣል፤ የማኅበርተኛውም ቁጥር በአሥር ሺዎች ይቈጠራል። እንዲህ ያለ ትእይንት ለአንድ ፊልም ሠሪ ምን ያህል ጸጋ እንደ ሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ በሌላው ዓለም አንድ አዘጋጅ አንድ መቶ ፈረስ በአንድ ሜዳ ለማሰለፍ ስንቱን ሀብት ሲያፈስ፣ እኛ ዘንድ ሺሁ ፈረስ በገዛ ፈቃዱ ይሰለፋል።

ገንዘቡን ግን በልመና መልክ አልጠይቃችሁም፤ የዚህ ደብዳቤ ዋና ነገርም ይኸው ነው። በሀገራችን ፊልም ሊሠራ የተነሣ ሰው ማኅተም ያለበት የድጋፍ ደብዳቤ ይዞ ከሱቅ ወደ ሆቴል፣ ከሆቴል ወደ ባንክ ስፖንሰር ፍለጋ ሲዞር ይውላል፤ ነጋዴውም ወይ ከይሉኝታ የተነሣ፣ ወይ ስሙ በፖስተሩ ግርጌ እንዲጻፍለት፣ ወይ ሰውየው ቶሎ እንዲሄድለት ብሎ ጥቂት ይሰጠዋል። የሰጠው ሰው ገንዘቡ ምን ላይ እንደ ዋለ አይጠይቅም፤ የተቀበለውም ሒሳብ ለማቅረብ ግዴታ አይሰማውም፤ ፊልሙ ሳያልቅ ቢቀር የሚያዝን ባለቤት የለውም፣ አልቆ ቢያተርፍም ሰጪው ከትርፉ አይቀምስም። እኔ በማየት እንደ ተረዳሁት፣ ከገንዘቡ ማነስ ይልቅ የጎዳን ይህ ሥርዓት አልባነት ነው፤ ምጽዋት የተቀበለ ሥራ እንደ ምጽዋተኛ በሰው ፊት አንገቱን ደፍቶ ይኖራልና።

ይህ ሥርዓት አልባነት ግን ከአባቶቻችን የወረስነው አይደለም፤ በጎጃም አብያተ ክርስቲያናት መቅደስ ግድግዳ ላይ ያሉትን ሥዕሎች ቀረብ ብሎ የተመለከተ ሰው፣ ከእመቤታችን ወይም ከቅዱስ ጊዮርጊስ እግር ሥር ከፍ ካሉት ቅዱሳን ያነሰ፣ በግንባሩ ተደፍቶ እጁን የዘረጋ አንድ ሰው ወይም ባልና ሚስት ተሥለው ሳያይ አይቀርም፤ ከአጠገባቸውም ሥዕሉን ያሣሉት እነማን እንደ ሆኑ በቀይ ወይም በጥቁር ቀለም ተጽፏል። ሠዓሊው ቀለሙን በጥብጦ፣ ሸራውን ወጥሮ፣ ወራት ሙሉ ሲሠራ ቀለቡንና ዋጋውን የቻለው ያ ሰው ነው፤ ስለዚህም በሥዕሉ ውስጥ ሥፍራ ተሰጠው፣ ቀዳሹም ተሳላሚውም ያየዋል። አባቶቻችን ለሥነ ጥበብ ጥሪት ያፈሰሰ ሰው ከሥራው ተለይቶ እንዳይቀር የደነገጉት ሥርዓት ይህ ነበር። ልዩነቱ፣ ያ ሰው ዋጋውን በሰማይ ይጠብቃል፤ የፊልም ባለ ጥሪት ግን በዚህ ዓለም፣ በዚህ ሕግ፣ በጽሑፍ በታሰረ ውል ድርሻውን ሊያገኝ ይገባዋል።

የሀገራችን ፊልም ታሪክም ይህንኑ የጥሪት ጥያቄ ተሸክሞ የመጣ ነው። ኢላላ ኢብሳ ፕሮዲዩሰር፣ ግሪካዊው ላምብሮስ ጆካሪስ አዘጋጅ የሆኑበት «ሂሩት አባቷ ማነው» በ1957 ዓ.ም. ሲታይ፣ አንድ ኢትዮጵያዊ በግል ተነሣስቶ ሙሉ ፊልም ማሠራት እንደሚቻለው ታወቀ፤ «ጉማ» ግን የተከተለው ወደ አሥር ዓመት ገደማ ከቈየ በኋላ፣ በ1966 ዓ.ም. በሚሼል ፓፓታኪስ አዘጋጅነት ነው። በደርግ ዘመን የፊልም ኮርፖሬሽን ተቋቁሞ የመንግሥት ገንዘብ ለፊልም ሲመደብ፣ የሰሎሞን በቀለ ወያ «አስቴር»ን የመሰለ ሥራ ተገኘ፤ ሆኖም ኮርፖሬሽኑ ሲፈርስ የመንግሥቱም ጥሪት አብሮ ደረቀ። ከ1990ዎቹ ዓመታት ወዲህ ቪዲዮ ካሜራ በረከሰ ጊዜ ደግሞ የግል ፕሮዲዩሰሮች ተነሡ፤ ቴዎድሮስ ተሾመ ከ«ቀዝቃዛ ወላፈን» አንሥቶ በትኬት ገንዘብ እየሠራ የራሱን ሲኒማ ቤት እስከ መክፈት ደረሰ። ይህ ሁሉ በአዲስ አበባ የሆነ ነው፤ የአዊን ሜዳ ለማየት ከዚያ የመጣ ፕሮዲዩሰር ቢኖርም፣ የሚመጣው ለዘፈን ክሊፕ የሚሆን አረንጓዴ ጀርባ ፈልጎ ነው።

በዚህ ነገር ላይ ከሁሉ ይልቅ ልቡናዬን የገዛው የኃይሌ ገሪማ ሕይወት ነው። ጎንደር የተወለደው ይህ ሰው ገና ተማሪ ሳለ፣ በአብዮቱ ዋዜማና ማግሥት መካከል ባለችው ጥቂት ጊዜ ወደ ሀገሩ መጥቶ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን በጥቁርና ነጭ በጥቂት ሳምንታት ቀረጸ፤ ከዚያ በኋላ ግን «ሳንኮፋ»ን ለመሥራት ጥሪት ሲያሰባስብ ብዙ ዓመታት አለፉበት። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1993 ተጠናቅቆ በበርሊን ለውድድር ከቀረበ በኋላ እንኳ የአሜሪካ አከፋፋዮች አንቀበልም አሉት። እርሱና ባለቤቱ ሺርኪያና አይና ግን ሲኒማ ቤት በገዛ ገንዘባቸው ተከራይተው በዋሽንግተን ማሳየት ጀመሩ፤ የጥቁር ሕዝብ ማኅበራት፣ ቤተ ክርስቲያናትና መምህራን ትኬት እየሸጡ ተመልካች አመጡላቸው፤ ፊልሙም ከከተማ ወደ ከተማ ሲዞር ከሠላሳ በሚበልጡ ከተሞች ታየ። ከዚያ የተገኘው ገንዘብ በሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት ሳንኮፋ የሚባለውን የመጻሕፍትና የፊልም ቤት ለማቆም ረዳ። «ጤዛ» እንደ ገና ረጅም ዘመን ወሰደበት፤ እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ ልዩ የዳኞች ሽልማትና የምርጥ ስክሪፕት ሽልማት፣ በሚቀጥለውም ዓመት በዋጋዱጉ የወርቅ ፈረስ ሽልማት አገኘ። የዋጋዱጉው ሽልማት ሐውልት በፈረስ ላይ የተቀመጠች ልዕልት የየነንጋ ምስል መሆኑን ለፈረሰኞች ማኅበር ሽማግሌዎች ሳልነግር አላልፍም።

ከኃይሌ ሕይወት የተማርሁት፣ ፊልም አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያልቅ ዕዳ ሳይሆን፣ ባለቤቶቹ ራሳቸው ወደ ተመልካች ካደረሱት ለቀጣዩ ሥራ ዘር የሚተው ሀብት መሆኑን ነው። ይህ ሁሉ እንዲሆን ግን ተመልካቹ ራሱ ፊልሙን የእኔ ነው ማለት ነበረበት።

የውጭ ሀገር የፊልም ድጋፍ ድርጅቶችስ የሉምን ትሉኝ ይሆናል። አሉ፤ መልካም ሥራም ሠርተዋል። የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» በኢትዮጵያ ስም በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው ፊልም ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2015 እዚያ የደረሰው የፈረንሳይ፣ የጀርመን፣ የኖርዌይና የቀጠር ተባባሪዎች ጥሪት ተጨምሮበት ነው። እኔም እንዲህ ያለውን በር አልዘጋም። ነገር ግን ማመልከቻው በባዕድ ቋንቋ ይጻፋል፤ ስክሪፕቱ ዘንገና ሐይቅን ባላዩ፣ አዊኛ ባልሰሙ ዳኞች ይነበባል፤ መልሱ ዓመት ይቈያል፤ ዓመቱም ሲያልቅ ታሪኩን ለእነርሱ ጆሮ በሚመች መልኩ አስተካክል የሚል ምክር አንዳንድ ጊዜ ይከተላል። ከሀገር ቤት የተዋጣ ጥሪት በእጁ የያዘ ሰው ወደዚያ ሲሄድ ተካፋይ ሆኖ ይነጋገራል፤ ባዶ እጁን የሄደ ግን የተባለውን ይቀበላል። ስለዚህ የእናንተ ድርሻ ከቁጥሩ ይልቅ ቀዳሚነቱ ይበልጥብኛል።

ይህ ነገር ሕልም የሚመስለው ሰው ቢኖር፣ በህንድ የሆነውን ልንገረው። ሳትያጂት ራይ የሚባለው የቤንጋል ሰው የመጀመሪያ ፊልሙን «ፓተር ፓንቻሊ»ን ሲጀምር፣ የሕይወት መድን ውሉንና የሚስቱን ጌጥ እስከ ማስያዝ ደርሶ ገንዘብ አለቀበትና ሥራው ቆመ። በመጨረሻ ያስጨረሰው የምዕራብ ቤንጋል ክልል መንግሥት ነው፤ ለፊልም የሚሆን የበጀት ርእስ ስላልነበረና የፊልሙ ስም የመንገድ ዜማ የሚል ትርጓሜ ስላለው፣ ገንዘቡ ለመንገድ ማሻሻያ የወጣ ተብሎ በመዝገብ ተጻፈ። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1955 ወጥቶ ዓለም ከሚያከብራቸው ሥራዎች አንዱ ሆነ፤ የክልሉ መንግሥትም ያወጣውን ከነትርፉ አገኘ። ክቡራን የመምሪያው ኃላፊዎች፣ እዚህ ላይ አሳባችሁን ብታሳርፉልኝ እወዳለሁ፤ ያ መንግሥት የማዕከሉ መንግሥት አልነበረም፣ እንደ እናንተ ከማዕከሉ ውጭ ያለ አስተዳደር ነበር።

ሌላው ምሳሌ ከዚህ ይልቅ ወደ ገበሬው ይቀርባል። እ.ኤ.አ. በ1976 ሺያም ቤኔጋል «ማንታን»ን ሲሠራ፣ በጉጃራት የወተት ኅብረት ሥራ ማኅበራት ሥር ያሉ 500,000 ገበሬዎች እያንዳንዳቸው 2 ሩፒ አዋጡ፤ በዚህም የፊልሙ ወጪ ተሸፈነ። ፊልሙ ሲወጣ ገበሬዎቹ ቤተሰባቸውን ይዘው በጭነት መኪና እየተጫኑ፣ የራሳችንን ፊልም እናያለን እያሉ ወደ ከተማ ወጡ፤ ያዋጣው ሰው ራሱ ተመልካች ሆነ። ይኸው ፊልም ታድሶ እ.ኤ.አ. በ2024 በካን እንደ ገና ታየ። የእኛ የፈረሰኞች ማኅበር፣ የእኛ የገበሬ ኅብረት ሥራ ማኅበራትና ዩኒየኖች ከጉጃራት ወተት አቅራቢዎች በምን ያንሳሉ? በቁጥር ያንሱ ይሆናል፤ በመተባበር ልማድ ግን አያንሱም።

አሁን ጥሪቱ የሚውልበትን ነገር ላሳያችሁ፤ ምን እንደሚከፍል የማያውቅ ሰው ክፈል ሊባል አይገባውምና። በስክሪፕቱ ውስጥ ሽማግሌው ፈረሱን ለመጨረሻ ጊዜ ሽምጥ የሚያስጋልብበት፣ በጽሑፍ ስድስት መስመር ያልሞላ አንድ ክፍል አለ። ይህን ለመቅረጽ ካሜራ የሚይዘው፣ ረዳቱ፣ ድምፅ ቀራጩ፣ መኳኳያ ሠሪዋ፣ ልብስ ያዡ፣ ሾፌሩና ምግብ አብሳዮቹ ሌሊት ተነሥተው፣ ጉም ሳይገለጥ ሜዳው ላይ መድረስ አለባቸው። ፈረሱ አንዴ ይጋልባል፤ ካሜራው ትኩረቱን ይስታል። ዳግመኛ ይጋልባል፤ ከኋላ አንድ እረኛ ከብቶቹን ይዞ ይገባል። ሦስተኛ ጊዜ ይጋልባል፤ ይሄኛው ያምራል፣ ነገር ግን ተዋናዩ ልጓሙን የያዘበት እጅ ካለፈው ቀረጻ ጋር አይገጥምም። በአራተኛው ጊዜ የፈረሱ ባለቤት ቀርቦ የፈረሱን አንገትና ጎን በመዳፉ ይዳስሳል፤ ላቡ እርካቡ ድረስ ወርዷል፣ አፍንጫው ሰፍቷል፤ አዘጋጁን ቀና ብሎ እያየ፣ «ይበቃዋል፣ ለዛሬ አይቻልም» ይላል፤ እርሱ በቃ ካለ በቃ ነው። ፈረሱ እስኪያርፍ ፀሐዩ ከፍ ይላል፤ ጥላው ዞሮ ከጠዋቱ ሥዕል ጋር አይስማማም፤ ስለዚህ ነገ እንደ ገና ሁሉም በዚያው ሰዓት ይመለሳል፣ የካሜራውና የመኪናው ኪራይ፣ የሁሉም አበልና ቀለብ አንድ ቀን ይጨምራል። የፊልም ገንዘብ የሚያልቀው በዚህ መንገድ፣ በአንድ ፈረስ ትንፋሽ ልክ ነው። ተሰብሳቢው የበዛበትን ክፍል ጥር 23 ቀን በበዓሉ ላይ ብንቀርጽ ወጪው እጅግ ይቀንሳል፤ ነገር ግን ያ ቀን በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚመጣ፣ ጥሪቱ ከበዓሉ በፊት ካልተሟላ አንድ ዓመት ሙሉ ያመልጠናል።

ገንዘብን አውጥቶ ዓመታት መጠበቅ ለአዊ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። የእኛ ገበሬ መሬቱን በዲከረንስ ችግኝ ሸፍኖ፣ አራትና አምስት ዓመት ጠብቆ፣ ከዚያ ቈርጦ ከሰል አክስሎ ይሸጣል፤ በነዚያ ዓመታት መካከል ከዛፉ አንዳች ብር አይገባውም፤ ቢሆንም የሚጠብቀውን ስለሚያውቅ አይደነግጥም። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ በዛፉ ላይ በሽታ ገብቶ ብዙ ተክል ሲደርቅ ያየ ስለ ሆነ፣ መጠበቅ ሁልጊዜ ማግኘት እንዳይደለም ያውቃል። ፊልምም እንደዚሁ ነው፤ ዘግይቶ ይሰጣል፣ አንዳንድ ጊዜም ጨርሶ አይሰጥም። ፊልሙ ሊከስር እንደሚችል፣ በቴሌግራም ተለቅቆ ሲኒማ ቤት ሳይደርስ ሊሰረቅ እንደሚችል፣ በሁሉም ውል ራስጌ ላይ እንዲጻፍ እፈልጋለሁ። ለልጁ ትምህርት ቤት ክፍያ ያስቀመጠውን ወይም ለመድኃኒት የሚያስፈልገውን ገንዘብ ማንም ሰው ወደዚህ እንዳያመጣ እለምናለሁ።

ሕጉም ሥርዓቱን አዘጋጅቶልናል። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ፊልም ባለቤት ያለው ሀብት ነው፤ ከእርሱ የሚገኘው የኢኮኖሚ መብት በውል ሊተላለፍ ይችላል። በተንቀሳቃሽ ንብረት ላይ የሚመሠረተውን የዋስትና መብት የደነገገው አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ደግሞ፣ ቤትና መሬት የሌለው ሰው ግዙፍነት የሌለውን መብቱን ጭምር በዋስትና እንዲያስይዝ በር ከፍቷል፤ ይህ እንደ እኛ ላለው ሰው ትልቅ ነገር ሲሆን እስከ ዛሬ ብዙ ሰው አልተጠቀመበትም። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ብናቋቁም አባላቱ ከ50 አይበልጡም፤ ስለዚህ ያሰብሁት፣ ፈረሰኞች ማኅበርም ሆነ አንድ የኅብረት ሥራ ማኅበር ከፈቀደና ሕጉ ከፈቀደለት ራሱን ችሎ እንደ አንድ አባል እንዲገባ፣ ግለሰቦችም በቁጥራቸው ልክ እንዲገቡ ነው። አክሲዮንን ለሕዝብ በአደባባይ መሸጥ በካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 ፈቃድና ምዝገባ የሚጠይቅ ስለ ሆነ፣ በዚህ ደብዳቤ የምሸጠው አክሲዮን እንደሌለ፣ ማንም ሰው ይህን አንብቦ አንድ ብር እንኳ እንዳይልክልኝ አጥብቄ አስታውቃለሁ። ደብዳቤው የምክክር ጥሪ ነው።

በምክክሩ ላይ የማቀርበው የውል አሳብ ይህ ነው። ገንዘቡ በባንክ በሦስት ጥምር ፊርማ የሚንቀሳቀስ ዝግ ሒሳብ ውስጥ ይገባል፤ ከፈራሚዎቹ አንዱ ባለ ጥሪቶቹ የሚመርጡት፣ ሁለተኛው ከሽማግሌዎች የሚወከል፣ ሦስተኛው እኔ ነኝ። ለቀረጻውና ለኤዲቲንጉ የሚበቃው ሁሉ ተሟልቶ እስኪገባ ድረስ ከዚያ አንዳች አይወጣም፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ካልተሟላ ለእያንዳንዱ እንዳስገባው ይመለስለታል። ግማሽ ገንዘብ ይዞ ቀረጻ መጀመርን ያህል ብዙ ፊልም የገደለ ነገር የለም፤ በየካሜራ ባለሙያው ቤት በሃርድ ዲስክ ውስጥ የታሰሩ፣ ግማሽ የተቀረጹ ስንት ሥራዎች አሉ! ፊልሙ ገቢ ሲያስገኝ፣ የሲኒማ ቤቶች ድርሻና ግብሩ ከተነሣ በኋላ፣ ባለ ጥሪቶች በመጀመሪያ ያወጡትን ይወስዳሉ፤ ቀጥሎ ለጠበቁበት ጊዜ በየመቶው 20 ይጨመርላቸዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚተርፈው እኩሌታው ለእነርሱ፣ እኩሌታው ለሠሩት ይሆናል። እኔም ዋጋዬን ባለ ጥሪቶቹ ያወጡትን ሳይወስዱ አልቀበልም። የፈረስ ባለቤቶች ግን የዕለት ዋጋቸው በዕለቱ ይከፈላል፤ እነርሱን በተስፋ ማሠራት ነውር ነው።

ከመምሪያው የምፈልገው ከገንዘብ በፊት ምስክርነት ነው። ሒሳቡ በሩብ ዓመት አንድ ጊዜ ሲዘጋ አንድ ቅጂ በመምሪያው መዝገብ እንዲቀመጥ፣ ውሉም በሰነድ ማረጋገጫ ፊት ሲፈረም የመምሪያው ሰው እንዲገኝ፣ ለቀረጻ ሥፍራም አንድ ወጥ ፈቃድ ተሰጥቶን በየቀበሌው እንደ አዲስ እንዳንጠየቅ እለምናለሁ። ከዚህ አልፎ መምሪያው እንደ ቤንጋሉ መንግሥት ባለ ድርሻ ሊሆን ቢፈቅድ፣ ገንዘቡ ድጎማ ተብሎ ሳይሆን እንደ ሌሎቹ በውል መዋዕለ ንዋይ ሆኖ ይግባ፤ ያን ጊዜ ከዚህ ፊልም የሚመለሰው ለሚቀጥለው ወጣት ሥራ ሊውል ይችላል። የእንጅባራ፣ የዳንግላና የቻግኒ አዳራሾችን በየከተማው ለተወሰኑ ሌሊቶች መልቀቅም ከብዙ ብር ይበልጣል፤ አዘና ሲኒማ ቤት ስለሌላት ፊልሙ ወደ ሕዝቡ መሄድ አለበት እንጂ ሕዝቡ ወደ ባሕር ዳር ይውጣ አይባልም።

በውጭ ለምትኖሩ ወገኖቼም አንድ ቃል አለኝ። ለቤተ ክርስቲያን ሕንጻ፣ ለትምህርት ቤት ወንበር፣ ለታመመ ዘመድ ስትጠየቁ ወደ ኋላ አላላችሁም፤ ትሩፋታችሁ የታወቀ ነው። እናንተን ከገንዘባችሁ ይልቅ የምፈልጋችሁ እንደ ኃይሌ ተመልካቾች እንድትሆኑልኝ ነው፤ በምትኖሩበት ከተማ አንድ አዳራሽ ተከራይታችሁ፣ ትኬት ሸጣችሁ፣ ልጆቻችሁ የአያቶቻቸውን ቋንቋ ከትልቅ ሸራ ላይ ሲሰሙ አብራችሁ ብትቀመጡ፣ የዚያች ሌሊት ገቢ በብዙ ወር የዩቱብ ገቢ የማይገኝ ነው።

አንድ ከባድ ጥያቄ ይቀራል፤ እርሱንም ሳልመልስ ብዘል ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም። በክልላችን ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በደረሰው ግጭት ሰው እየሞተ፣ መንገድ እየተዘጋ፣ ትምህርት ቤት እየተቋረጠ ሳለ፣ ፊልም የሚታሰብበት ጊዜ ነው ወይ የሚል ሰው አለ፤ የሚለውም ከክፋት አይደለም። ሰው በሚቀበርበት መንደር ካሜራ ይዤ አልገባም፤ ቀረጻው የሚጀመረው ሽማግሌዎች ሜዳው ሰላም ነው ሲሉ ብቻ ነው፤ ይህም በውሉ ይጻፋል። ምክክሩ፣ ውሉና ሒሳቡ ግን ዛሬ ሊጀመሩ ይችላሉ። የ1932ቱ አባቶች ማኅበራቸውን የመሠረቱት ጠላት ወጥቶ ሁሉ ነገር ከተስተካከለ በኋላ አልነበረም፤ ሞታቸውን እየቈጠሩ፣ የሞቱትንም እያሰቡ መሠረቱት። በጉልምስናቸው ያ ማኅበር እንዴት እንደ ቆመ ከአባቶቻቸው አፍ የሰሙ ሽማግሌዎች ዛሬ ጥቂቶች ናቸው፤ የእነርሱ አነጋገር፣ የእነርሱ የፈረስ አቀማመጥ በሥዕልና በድምፅ ሳይያዝ ካለፈ፣ ኋላ በምንም ያህል ገንዘብ አይገዛም።

ስለዚህ ክቡራን፣ በመጪው ጥር፣ ሰላም ከሆነ ከበዓሉ በኋላ ባለው የመጀመሪያው የአዘና ገበያ ቀን፣ ስክሪፕቱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአዊኛ ላነብላችሁ፣ በጀቱንም በመስመር በመስመር ልዘረዝርላችሁ አስቤአለሁ፤ ለዚህ የሚሆን አዳራሽ የወረዳው አስተዳደር እንዲፈቅድልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። የፈረሰኞች ማኅበር ሽማግሌዎች በፈረስ አያያዙና በሥርዓቱ ላይ የተሳሳተውን ነገር እዚያው እንዲያርሙ፣ ነጋዴዎችም ሒሳብ አዋቂ ይዘው መጥተው የበጀቱን ቁጥር ሁሉ እንዲመረምሩ እለምናለሁ። የበጀቱንና የውሉን ረቂቅ ቅጂ አስቀድሜ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አስገባለሁ፤ ከስብሰባው በፊት ማንበብ የሚፈልግ ሁሉ ከዚያ ጠይቆ ሊመለከተው ይችላል።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የአዘና ተወላጅ የሆነ የፊልም ጸሐፊና አዘጋጅ